ሸዋጌጥ ኮሌጅ ልታይ ሄደች

ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ የሚያውቅ ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከልጅ እስከ ሽማግሌ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ቤት ነው። ሸዋጌጥ የሰፈሩ ዕድር የዕቃ ቤት ኃላፊ ናት። የድንኳኑም፣ የወንበሩም፣ የብረት ድስቱም መቆለፊያ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው የሚውለው። ለሠርግ ድንኳን ሊለምናት የመጣ ሰው ደጃፏ ላይ ቆሞ ብዙ ሰምቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። «ይሄ የእንባ ድንኳን ነው፤ እስክስታ አይወረድበትም!» ትላለች። ሰውንም የምትመዝነው በዚሁ ነው። እገሌ እኮ ደግ ሰው ነው ሲሏት፣ «ለቅሶ ይደርሳል?» ብላ ትጠይቃለች። ይደርሳል ከተባለ ሌላ ሌላው ጥፋቱ ሁሉ ይታለፍለታል።

እንዲህ ያለችው ሴት ታዲያ የገዛ ወንድሟን አላለቀሰችም።

በርናባስ ታናሿ ነበር። ኪራሙ ወረዳ አስተማሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። ያ የግጭት ክፉ ጊዜ መጥቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ የሱም ድምፅ አብሮ ጠፋ። ከወራት በኋላ አንድ ሾፌር ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ ከሌሎች ጋር መንገድ ዳር መቀበሩን ሰምቻለሁ አላት።

«አይተሃል?» አለችው።

«ኧረ አላየሁም፣ እትዬ፤ ሰምቼ ነው።»

«እንግዲያው ያላየኸውን አታውራ» ብላ ውሃ እንኳ ሳታቀምሰው ሸኘችው። በማግስቱ የዕድሩ ሰዎች መርዶ ሊያረዷት ገና ሳይነጋ ተሰብስበው ቢመጡ፣ በሯን ከፍታ፣ «ማን ሞቶ ነው?» ብላ አፈጠጠችባቸው። አንገታቸውን ደፍተው እንደመጡ ተመለሱ። ይኸው አራት ዓመት ሆነ። ስለ በርናባስ ስታወራ ነገ ከመናኸሪያ እንደሚመጣ ሰው አድርጋ ነው የምታወራው፤ የሚሰማትም ሁሉ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል። ምን ይበል?

ልጇ የአብስራ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ ባይበቃም ኮሌጅ የሚያስገባ ሆነላት። ሸዋጌጥ ወዲያው ኮሌጅ መረጠችላት። እዚያው ነቀምቴ፣ ከቤታቸው በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላ፣ የሒሳብ አያያዝ የሚያስተምር ነው። ግቢውን ረግጣው አታውቅም። መምህራኑ እነማን እንደሆኑ አልጠየቀችም። ኮሌጁን የወደደችው ጣሪያው ከግቢዋ በር ላይ ሆኖ ስለሚታይ ብቻ ነበር።

የአብስራ ግን አዋላጅ ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። ያ ደግሞ ያለው ጊምቢ ነው። የጎረቤታቸው ልጅ ኬኔ እዚያ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ በደወለች ቁጥር ስለ ኮሌጁ አውርታ አትጠግብም።

«ጊምቢ ማን አለን?» ትላለች ሸዋጌጥ።

«ኬኔ አለች።»

«ኬኔማ ራሷ ልጅ ናት። እኔ የምልሽ አንድ ነገር ብትሆኚ ነው። ብትታመሚ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ማን አለሁ ይልሻል? በማያውቁሽ ሰው መሀል ወድቀሽ ልትቀሪ ነው?»

የአብስራ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ክርክሩን ትተወዋለች። እናቷ ስለማን እያወራች እንደሆነ ታውቃለችና።

በመጨረሻ መላ ያመጣችው ኬኔ ናት። ቅዳሜ ኮሌጁ አዲስ የሚመዘገቡ ልጆችን ከነወላጆቻቸው ጠርቶ ግቢውን ያስጎበኛል፣ እማማ ሸዋጌጥም ትምጣና በዓይኗ ትይ አለች። ሸዋጌጥ እሺ ማለቷ ቤቱን ሁሉ አስገረመ። እሷ ግን ያሰበችው ሌላ ነበር። ሳያዩ እንቢ ማለት ክፉ እናት ያሰኛል፤ አይቶ እንቢ ማለት ግን ማንንም አያስወቅስም። የመኝታ ቤቱን ጠባብነት፣ የውሃውን መጥፋት፣ የመጸዳጃ ቤቱን ነገር አንድ በአንድ አይታ፣ አስቆጥራ፣ ነገሩን እዚያው ልትጨርሰው ነበር የተነሣችው።

ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈሩ። ዴዴሳ ድልድይ ላይ ውረዱ ተባሉና መታወቂያ አሳዩ። ሸዋጌጥ የልጇን ክንድ ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ተፈትሸው ተመልሰው ከተቀመጡም በኋላ አልለቀቀችውም። የአብስራ እጇ ደንዝዞ ጊምቢ ገባች።

የኮሌጁ በር ላይ ጥበቃው ቦርሳ ይፈትሻል፣ የእንግዳ ስም በመዝገብ ያስጽፋል። የአብስራና ልትቀበላቸው የመጣችው ኬኔ እዚያ ቆመው ስም ሲያስጽፉ፣ ሸዋጌጥ ወረፋ የማትወድ ሴት ናትና ቀደም ብላ ወደ ውስጥ አለፈች። ዕቃ ቤት የምትጠብቅ ሴት ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው ድንኳን ላይ ነው፤ ግቢው መሀል ትልቅ ነጭ ድንኳን ተተክሎ አየች። በጎኑ ላይ በቁቤ፣ በኦሮምኛው ፊደል፣ የተጻፈውን አነበበች፤ የጊምቢ የአንድ ሰፈር ዕድር ስም ነው። ሥሩ በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ ቆሟል፣ አንገቱን ደፍቷል፣ ከአንድ ሰው ዝግ ያለ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

«ውይ! ልጅ ሞቶባቸው ነው!» አለች።

እሷ ዘንድ የዕድር ድንኳን ለሌላ ነገር አይወጣም። ኮሌጁ ለእንግዶቹ ጥላ ብሎ ከሰፈሩ ዕድር ተውሶት ይሆናል ብላ እንዴት ታስብ? ሰዎቹም ቆመው የነበሩት ለመክፈቻው ጸሎት እንደሆነ ማን ይንገራት? ሸዋጌጥ ደግሞ ለቅሶ ቤት ደርሳ ማን ሞተ ብላ በር ላይ የምትጠይቅ ሰው አይደለችም። መቀነቷን ጠበቅ አደረገች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ደረቷን እየደቃች ገባች።

«ወይኔ! ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን!»

ማን እንደሞተ ስለማታውቅ አፏ ላይ የመጣላትን ነው የጠራችው። ድምፅዋን ጨለለቂ ያውቀዋል፤ የጊምቢ ሰው ግን ሰምቶት አያውቅም። ጸሎቱን ይመራ የነበረው የኮሌጁ ዲን፣ መምህር ሮቤራ፣ ቃሉን ከአፉ ላይ አቆመ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አንዱ ሊስቅ፣ አንዱ «ሴትዮዋ ምን ሆነች?» ሊል፣ ጥበቃው ተጠርቶ ሊያስወጣት የሚችለው። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ እንጃ።

ማንም አልሳቀም። ከፊተኛው መደዳ ወይዘሮ ኑሪያ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ተነሡ። ቤታቸው ከኮሌጁ አጥር ኋላ ነው፤ እሳቸውም ልጅ ሊያስመዘግቡ ነው የመጡት። ምንም ሳይጠይቁ ሸዋጌጥን አቅፈው አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ። «ረቢ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ እህቴ፤ እሱ ያጽናሽ» ይሏታል እያለቀሱ። ነጭ ጋውን የለበሱ ሴት ተማሪዎች መጥተው መሬት ላይ ዙሪያዋን ተቀመጡ። አንዷ ጫማዋን ፈታችላት። አንዷ ውሃ ይዛ መጣች። መምህር ሮቤራ ማይክሮፎኑን አስቀምጦ ለወንዶቹ ወንበር አስጠጋላቸውና፣ እንደ ለቅሶ ቤት በሁለቱም በኩል መደዳውን ይዘው ተቀመጡ።

ሸዋጌጥ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቀና ስትል ሁሉም የሚያየው እሷን ነው። ይሄ ደስ አላላትም፤ በሰው ለቅሶ ላይ ጎልቶ መታየት ነውር ነው። ወደ ወይዘሮ ኑሪያ ጠጋ ብላ፣ «ማናችሁ ነው የሞተው?» አለች በሹክሹክታ።

ወይዘሮ ኑሪያ ግራ ገባቸው። «እኛማ ማንም አልሞተብንም፣ እህቴ። ወንድሜን ስትይ ሰምተን ነው። ያንቺው ወንድም አይደለም እንዴ የሞተው?»

ያኔ ነው ሸዋጌጥ ድንኳኑን በደንብ ያየችው። ፊት ለፊት በትልቁ ተጽፎ የተሰቀለ ጨርቅ አለ። «ውድ ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። በጠረጴዛ ላይ የለስላሳ ሣጥን ተደርድሯል። ፊቷ ነደደ። ተሳስቼ ነው ብላ ተነሥታ መውጣት ትችል ነበር፤ ሰዉም ይቅር ይላት፣ ነገሩም ለዓመታት መሳቂያ ሆኖ ይቀር ነበር። አፏን የከፈተችውም ይህንኑ ልትል ነው።

«አዎ» አለች። «ወንድሜ ነው።»

ከየት እንደመጣ አታውቀውም። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን መመለሻ አልነበረውም። «በርናባስ ይባላል። ኪራሙ አስተማሪ ነበር። አራት ዓመቱ። ከሌሎች ጋር መንገድ ዳር ቀበሩት አሉኝ። እኔ አልነበርኩም። ዘመድም አልነበረም። ድንኳን አልተተከለለትም፣ ማንም አልተቀመጠለትም። የሌላውን ሁሉ ሳለቅስ ኖሬ የሱን አላለቀስኩም!»

ቅድም ያለቀሰችው የወግ ለቅሶ ነበር። አሁን ያለቀሰችውን ግን አትጠይቁኝ። አጭርና ደረቅ ሆኖ፣ ከሆዷ እየተጎተተ ነበር የሚወጣው። ወይዘሮ ኑሪያ ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይዘዋት ነበር። ጥግ ላይ የቆመ አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ይነፈርቃል። እዚያ ድንኳን ሥር ከተቀመጡት መካከል በዚያ ክፉ ጊዜ ሰው ያልጎደለበት ጥቂት ነበር።

መምህር ሮቤራ ቆይቶ ተጠጋት። ልጅ እግር ነው፤ በዕድሜ ልጇ ሊሆን ይችላል። ተንበርክኮ፣ «አዴ፣ እናቴ፣ ይህ ድንኳን እስከ ማታ ተተክሎ ይቆያል» አላት። «እንግዶቹን ክፍል ወስጄ እዚያ አናግራቸዋለሁ። አንቺ እዚሁ ተቀመጪ። የሚቀመጥልሽም አለ።»

ለመሄድ የተነሡት ግን ግማሹ እንኳ አይሆኑም። የቀሩት ተቀመጡ። ስለ በርናባስ ጠየቋት፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ ምን ያስተምር እንደነበር። ነገረቻቸው። ሒሳብ እንደሚያስተምር፣ ድምፁ ሳያምር ሲዘፍን እንደሚውል፣ ሽንኩርት የማይወድ ነጭናጫ እንደነበር። ስለ ሽንኩርቱ ስትናገር ሴቶቹ ፈገግ አሉ፤ እሷም አለች።

የአብስራና ኬኔ በሩ ላይ ጨርሰው የገቡት ለቅሶው ከተጋጋለ በኋላ ነበር። የአብስራ መጀመሪያ በሐፍረት መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች። ከዚያ የአጎቷን ስም ሰማችና ባለችበት ቆመች። ፈርታ ወደ እናቷ አልቀረበችም፤ ሰዉ ሳሳ ሲል፣ ወይዘሮ ኑሪያም ለጸሎት ወደ ቤታቸው ብቅ ሲሉ ነው መጥታ አጠገቧ የተቀመጠችው። በእጇ የመመዝገቢያ ቅጽ ይዛለች። ኬኔ አምጥታላት ነው፤ ምንም አልተሞላበትም።

ሸዋጌጥ ፊቷ አባብጦ ነበር። ልጇን ቀጥ ብላ አየቻት።

«አጎትሽ ሞቷል» አለቻት።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ። ሰፈሩም ሁሉ ያውቃል። አንቺ እስክትይው ነበር የምንጠብቅሽ።»

አራት ዓመት ሙሉ ሸዋጌጥ ወንድሟን ስትጠብቅ፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ደግሞ እሷን ሲጠብቅ መኖሩን ያወቀችው ገና አሁን ነው። ዕድርተኞቹ ያን ማለዳ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ፣ እሷ ድል ያደረገች መስሏት ነበር።

«አልመዘገብም» አለች የአብስራ። «ነቀምቴ እገባለሁ። ሒሳብ አያያዙንም እማራለሁ። እንዲህ ሆነሽ ብቻሽን ጥዬሽ አልሄድም።»

ይህን ቃል ሸዋጌጥ ክረምቱን ሙሉ ስትለምነው የከረመችው ነው። መኝታ ቤቱን አላየችም፣ ውሃውን አልቀመሰችም፣ መጸዳጃ ቤቱ ያለበትን አቅጣጫ እንኳ አታውቅም። ከኮሌጁ ሁሉ ያየችው ይህን ድንኳንና ሳያውቋት ሥሩ የተቀመጡላትን ሰዎች ብቻ ነው።

«አንቺማ ጠብቀሽኛል፤ ይበቃሻል» አለቻት። «ስክሪብቶሽን አምጪ።»

የአብስራ አልንቀሳቀስ አለች። ሸዋጌጥ ቅጹን ከእጇ ወሰደችና ከኬኔ ስክሪብቶ ተቀበለች፤ ጉልበቷ ላይ አድርጋ የወላጅ ፊርማ የሚለውን ፈልጋ ስሟን ጻፈች። ወረቀቱን ለልጇ መለሰችላትና እንደገና ማልቀስ ጀመረች። በዚህኛው የአብስራም አብራት አለቀሰች።