የመጨረሻው ገጽ ላይ የሚፈርመው ሰው

የምሥራች ባሏን መናቅ የጀመረችው ቬንቲሌተሩን ከመኝታ ቤት አንሥቶ ለመጻሕፍቱ የሰጠ ዕለት ነው። ያውም በግንቦት፣ ያውም ድሬ ላይ። እሷ በላብ ተጠምቃ ስትገላበጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ልቦለድ ነፋስ ይቀበላል። «ወረቀት ሙቀት አይችልም» አላት። ሚስት ትችላለች ማለቱ ነው።

ኒቆዲሞስ ከጉምሩክ በጡረታ ከተሰናበተ ወዲህ ሥራው ብርቅ መጽሐፍ መሰብሰብ ሆኗል። የድሮ ምናባዊ ልቦለድ ብቻ፣ የመጀመሪያ እትም ብቻ፣ ደራሲው በእጁ የፈረመበት ብቻ። ከሁሉ በላይ የሚኮራበት «ሰባተኛው የአሸዋ ንጉሥ» የሚባለው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ነው። የጻፈውም የዚሁ ከተማ ሰው፣ የምድር ባቡር ጸሐፊ የነበረው፣ ነፍሱን ይማረውና ኃይለየሱስ በዛብህ ነው። ሦስቱም ቅጾች ፊት ገጻቸው ላይ ጅራቱ የተቆለመመ ፊርማ አለባቸው። ካዲሳባ ነጋዴ ሲገዛቸው ማተሚያ ቤቱ ሳይከረክማቸው ቀርቶ፣ ቅጠሎቹ ጫፍ ለጫፍ እንደ ተያያዙ ነበሩ። ዛሬም እንደዚያው ናቸው። «የሰው እጅ ያልነካው!» ይላል ለመጣው ሁሉ። ሠላሳ ዓመት የኮንቴይነር ማኅተም ሲመረምር የኖረ ሰው፣ ማኅተሙ ደኅና ከሆነለት ስለ ውስጡ ምን ተዳው።

የምሥራች ግን አንብባዋለች። በዐሥራ ሰባት ዓመቷ፣ መጋላ ከሙመድ የመጽሐፍ ኪራይ ቤት፣ በየቀኑ እየተከራየች። ያኔ ኃይለየሱስ ከሥራ ሲወጣ ሙመድ በር ላይ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጥ ነበር። ሦስተኛውን ቅጽ ጨርሶ የሚመልስ ሰው ሲመጣ ያስቆመውና፣ «ንጉሡ መጨረሻ ላይ ዘውዱን ለምን ቀበረው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ያልመለሰ ይሸኛል። ለመለሰለት ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሥር ይፈርምለታል። ፊት ገጽ ላይ ፈርምልኝ የሚለውን ግን ይስቅበታል። «ሳይበላ ይመረቃል እንዴ?» ይለዋል።

እሷ መለሰችለት። መልሷን እንደ ሰማ መጽሐፉን ከሙመድ ገዝቶ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ጽፎ ሰጣት፦ «ለየምሥራች፦ ከእኔ ይልቅ ለገባሽ።» ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ፣ እናቷም ባሏም እንዲህ ያለ ነገር ብለዋት አያውቁም።

ኒቆዲሞስ ሦስቱን ቅጽ አቅፎ የገባ ዕለት በቅንነት ልትነግረው ሞክራ ነበር። «ኃይለየሱስ እኮ ፊት ገጽ ላይ አይፈርምም» አለችው።

«አንቺ ደግሞ!» አላት የእጅ ጓንቱን እያጠለቀ። «በቀን ኪራይ ስታነቢ ያደግሽ ሰው ስለ ብርቅ እትም ምን ታውቂያለሽ?»

ለአህያ ማር አይጥማትም ብላ ዝም አለች። ዝምታዋ ሁለት ዓመት ቆየ። የሚስቱን ዝምታ እንደ አድናቆት ይቆጥረው ነበር፤ ጅል።

ነገሩ የመጣው ግሩም የሚባል ሰብሳቢ ካዲሳባ በደወለ ጊዜ ነው። ግሩም የብርቅ መጽሐፍ ሰብሳቢዎችን የቴሌግራም ቡድን የሚመራ ሰው ነው፤ እሱ እውነተኛ ነው ያለው እውነተኛ፣ ሐሰተኛ ያለው ሐሰተኛ ይሆናል። ቅዳሜ መጥቶ የኒቆዲሞስን ሦስት ቅጽ አይቶ ሊመሰክርለት ነው። ኒቆዲሞስ ሳምንቱን ሙሉ ሊዳር እንደ ደረሰ ሙሽራ ሲሽከረከር ሰነበተ።

ሐሙስ የምሥራች ዋሂል ገጠር ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ፣ ባሏ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከሸሚዝ ኪሱ ለውዝ እያወጣ ይቆረጥማል። ቤቱ ተወልውሏል። ከልብስ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ያለችው መደርደሪያ ባዶ ናት።

«መጽሐፌስ?» አለችው።

«የቱ? ያ ጀርባው የረገፈው? መጨረሻው ላይ በእስክሪብቶ የሞነጫጨርሽበት?» ለውዙን ዋጠ። «እንግዳ ሊመጣ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ከኔዎቹ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ይታይ? ከድሮ ጋዜጣ ጋር ለመሪያም ሰጠኋት።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የምሥራች ጥቁር ልብሷን እንደ ለበሰች ወጣች። መሪያም ደቻቱ ድልድይ አፍ ላይ ለውዝ ትሸጣለች። ከሩቅ ስታያት፣ «አቦ ነይ፣ ጥላ ውስጥ ግቢ! ማን ሞተ?» አለቻት።

መጽሐፉ ከዘንቢሉ አጠገብ ነበር። ከኋላው ሠላሳ ቅጠል ያህል ጎድሏል። መሪያም የምትቀደው ከኋላ ነው፤ ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ለመያዣ ይመቻታል።

«የመጨረሻው ቅጠል፣ መሪያም። ጽሑፍ ያለበት። ለማን ሰጠሽው?»

መሪያም አሰበች። «ወላሂ፣ እሱማ የመጀመሪያው ነው። ባልሽ ያን ሁሉ ወረቀት ሲሰጠኝ ባዶ እጁን ልሸኘው? እዚያው ቀደድኩና ለውዝ ጠቀለልኩለት። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ለውዙን ኪሱ ገልብጦ ወረቀቱን ወረወረው።»

የምሥራች ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ወረደች። አሸዋው ላይ ላስቲክ ነበር፣ የጫት ገራባ ነበር፣ ነፋስ ነበር። በስልሳ ዓመቷ አጎንብሳ ወረቀት ሁሉ እያነሣች ገለበጠች፤ አለቀሰችም። አልቅሳ ስትጨርስ በውስጧ የቀረው ንቀት ብቻ ነበር። ንቀቱም ንጹሕ ነበር፣ ጣልቃ የገባበት አንድም የርኅራኄ ጠብታ የለውም። የተረፈውን መጽሐፍ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተመለሰች፤ ለባሏ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ቅዳሜ ግሩም መጣ። ወጣት ነው፤ አጉሊ መነጽሩን ከቆዳ ቦርሳ አወጣ። ኒቆዲሞስ ሦስቱን ቅጽ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋለት። ግሩም ፊርማውን አየ፤ በመነጽር አልነበረም፣ እንዲያው በዐይኑ። ከዚያ ቅጠሎቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ጋሽ ኒቆዲሞስ፣ ይኼ እኮ ተከፍቶ አያውቅም።»

«በጭራሽ!» አለ ኒቆዲሞስ፣ ደረቱን ነፍቶ። «የሰው እጅ አልነካውም።»

«ታዲያ ማን አንብቦት ነው ኃይለየሱስ የፈረመበት?» ግሩም መነጽሩን ወደ ቦርሳው መለሰ። «ሰውየው የሚፈርመው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ ያውም ለጨረሰ ሰው። በሕይወቴ ያየሁት ሁለት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን የፊት ገጽ ፊርማ ያ ነጋዴ ለዐሥራ አንድ ሰው ሸጦታል። ዐሥራ ሁለተኛው እርስዎ ነዎት።» ሣቁን እንኳ አልደበቀም። «ድሬ ተቀምጠው ይህን የሚነግርዎት አንድ ሰው አጡ?»

ኒቆዲሞስን ላብ አጠመቀው። ዐይኑ ከመጽሐፉ ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ ባዶዋ መደርደሪያ ሄደ። እዚያ ላይ ቆመ። የምሥራች ነገሩ ሲገባው አየችው፤ ቀስ ብሎ ነው የገባው፣ እንደ ሁሉም ነገር።

«ያንቺው!» አለ ከወንበሩ ተነሥቶ። «መጨረሻው ላይ... ያ ጭረት... የሱ ነው? ግሩም፣ አለን! እውነተኛው አለን! ሮጬ ከመሪያም አመጣዋለሁ!»

«መሪያም ጋ የለም» አለችው የምሥራች። ቅጠሎቹ የጎደሉትን መጽሐፍ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ አውጥታ ነጩ ጨርቅ ላይ፣ ከሦስቱ ቅጾች መሐል፣ ጣል አደረገችው። «ሐሙስ ዕለት ለውዝ የጠቀለለችልህ በመጨረሻው ቅጠል ነው። ድልድዩ ላይ ወርውረኸዋል።»

ግሩም የተቀደደውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ እሷን፣ እሷን ብቻ አየ፤ «እትዬ፣ አዝናለሁ» ብሎ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ኒቆዲሞስን አልተሰናበተም።

ኒቆዲሞስ ጓንቱን እንዳጠለቀ ቆሞ ቀረ። የሸሚዝ ኪሱን ዳበሰ፤ የለውዝ ገለፈት እንጂ ሌላ አልነበረበትም።

«የምሥራች» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «ምን ብሎ ነበር የጻፈልሽ? እሱን እንኳ ንገሪኝ።»

«እጅህ ላይ ነበር እኮ» አለችው።

ቬንቲሌተሩን ከግድግዳው ነቀለችና ወደ መኝታ ቤት ይዛው ገባች።