የአንገት ወንፈል

ደሳለች ማይግሬኗ ሲነሣባት ግማሽ ራሷን ቆርጦ የሚወስድላት ሰው ቢገኝ መርቃ ትሸኘው ነበር። የበኩር ልጇ በተዳረ ዕለት ጨለማ ጓዳ ተኝታ፣ ራሷን በሻሽ ጠፍንጋ፣ የሰርጉን ዘፈን ከግድግዳ ወዲያ ስትሰማ ዋለች። አሁን ደግሞ ሴት ልጇ ማስተዋል በጥር ልትዳር ነው። «ይኼንንም ሰርግ ከጓዳ ከሰማሁትማ...» ትልና ታለቅሳለች።

ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰንብታ ነበር፤ አልለቀቃትም። ደብረ ታቦር ሐኪሙ ክኒን አዘዘላትና ወደ ፊዚዮቴራፒ ላካት። ስርጉት የምትባለው ባለሙያ አንገቷንና ትከሻዋን ዳበሰች።

«እናቴ፣ አንገትዎ ደርቋል። ክኒኑን እንዳያቋርጡ፤ ይኼ እሱን የሚያግዝ ነው» አለችና አገጭ ወደ ኋላ መሳብን፣ ትከሻ ማሽከርከርን፣ አንገት ቀስ ብሎ ማዞርን አሳየቻት። «ጠዋትና ማታ፣ ሳያስታጉሉ!»

ሳያስታጉሉ? በኅዳር? ጤፉ ደርሶ፣ ገብሱ ሳይወቃ? ባሏ ሙላቴ ግን አንድ ሰው ያልቻለውን ሥራ ሁሉ በወንፈል፣ በተራ በሚመለስ የጎረቤት ጉልበት፣ የሚያቃና ገበሬ ነው፤ ሌላ ዘዴ አያውቅም።

«ምን ያስጨንቅሻል? ጎረቤቱ ይሠራልሻላ!» አላት።

ሕመም መላ ያጠፋባት ደሳለች ነገሩ ልክ መሰላት። በማግሥቱ ፈንታሁን፣ ብርቱካንና ሌሎቹ ጎረቤቶች ማጭዳቸውን ጤፉ ዳር አስቀምጠው ቆሙ። የሳቀ አልነበረም፤ ወንፈል ወንፈል ነው። «ይቺ ለእት ደሳለች!» እያሉ አገጫቸውን ሳቡ፣ ትከሻቸውን አሽከረከሩ፣ ሲጨርሱ ወደ አጨዳቸው ገቡ። እንዲህ ሲሰነብቱ ፈንታሁንን የኖረ የማጅራት ሕመሙ ለቀቀው። ብርቱካን እንቅልፍ አገኘች። ደሳለችን ግን ራሷን እንደ ወትሮው ይፈልጣታል።

ተናዳ ስርጉት ዘንድ ተመለሰች።

«ልጄ፣ መንደሩ በሙሉ ሠርቶልኝ ምንም አልተሻለኝ!»

ስርጉት ታሪኩን አፏን በእጇ ይዛ ሰማች። መሳቅ ነውር ነው፤ መቆጣትም አይሆን። ጥቂት አሰበችና፣

«ለመሆኑ እናቴ፣ ወንፈሉን መለሱላቸው?» አለቻት።

ደሳለች ክው አለች። የሰው ጉልበት ወስዶ አለመመለስ! በእሷ ቤት እንዲህ ያለ ነውር ተሠርቶ አያውቅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ለፈንታሁን፣ ማታ ለብርቱካን እያለች አንገቷን ማዞር ያዘች። ያለባት ዕዳ የመንደር ሙሉ ስለሆነ አንድም ቀን አላስታጎለችም፤ ክኒኗንም አልተወች። ሕመሙ ጨርሶ ባይጠፋም መምጫው ራቀ፣ ሲመጣም ቀለል አለ።

ጥር ደረሰ። ማስተዋል በተዳረች ዕለት ዳሱ ውስጥ ከበሮ ሲመታ ደሳለች ጓዳ አልነበረችም። መሐል ገብታ ትከሻዋን ታንቀጠቅጣለች፣ አንገቷን ግራ ቀኝ ትሰብቃለች። ፈንታሁን ከዳር ጮኸ።

«እት ደሳለች፣ የሁላችንንም መልሰሽ ጨርሰሻል እኮ! ይኼ ደሞ የማን ነው?»

«ይኼስ ለእኔ ነው!» አለችና እንባዋ እየወረደ እስክስታዋን ቀጠለች።