ሃሌሉያ እሺ አለች

እማዬ ሃሌሉያን አሥሬ የመከረቻት አንድ ነገር ነው። «ዳኛዋ ፊት እንዳትንቀዠቀዢ። ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ እሺ ነው የሚባለው። አሳዳጊ የበደላት እንዳታሰኚኝ!»

እኔን ቢሆን በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። ሃሌሉያ ግን ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ የነገሯትን ትይዛለች።

እኔና እሷ የአንድ እናት ልጆች ነን። አባቷ ተስፋሚካኤል የእኔ አባት አይደለም፤ አባትሽ ነኝ ብሎኝም አያውቅ፣ ተስማምተን ነው የኖርነው። ከእማዬ ሲፋታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገባ። አሁን ደግሞ ልጄን እኔ ላሳድግ ብሎ ከሰሰ። ላሳድግ? እማዬ ክር ፋብሪካ በሺፍት ስለምትሠራ ሃሌሉያን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩት እሷን የሚይዝ ጠፍቶ ነው። ሹሩባዋን የምሠራት እኔ፣ ሲያማት አዝዬ ጤና ጣቢያ የምሮጠው እኔ። ፍርድ ቤት ግን ስለ እኔ የጠየቀ የለም።

ዳኛዋ ሃሌሉያን ብቻዋን ቢሯቸው አስጠሯት። ቀሚሴን አልለቅም ስትል ጊዜ እኔም አብሬ ገባሁ።

«አንቺ እህቷ ነሽ?»

«አዎ። በትርፍ ሰዓቴ እናቷም ነኝ።»

ፈገግ አሉ። ደግ ሴትዮ ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። «በይ የትርፍ ሰዓት እናት፣ እዚያ ጋ ቁጭ በይ። ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ለሃሌሉያ ከረሜላ ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

«የኔ ቆንጆ፣ አባባን ትወጂዋለሽ?»

«እሺ።»

«እሱ ጋ ብትኖሪ ደስ ይልሻል?»

«እሺ።»

«እማማን ደግሞ እሁድ እሁድ ብታዪያት?»

«እሺ።»

አልቻልኩም። «ኧረ ዳኛ! ይቺ ልጅ ዝሆን ታገቢያለሽ ቢሏት እሺ ነው የምትልዎት! እናቴ ናት እሺ በይ ብላ የመከረቻት!»

ፈገግታቸው ጠፋ። «እናትየዋ አስጠንታት ነው የመጣችው?»

«አላስጠናቻትም! ጨዋ ሁኚ ነው ያለቻት!»

«እያስጠኗትም አባቷን መረጠች ማለት ነው» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ በሩን አሳዩኝ።

ፍርዱ ሲነበብ ልጅቷ ፈቃዷን ስለተናገረች አሉ፣ እናት በሌሊት ሺፍት ቤት ስለማትገኝ አሉ። ሃሌሉያ አባቷ ጋ፣ እማዬ በየእሁዱ። እኔ በየምኑም የለሁበት።

በሚኒባስ ወደ ሳሪስ ተመለስን። ስንወርድ እማዬ፣ «ዳኛዋ እኮ ጨዋ ልጅ ናት አሉኝ» አለችና እንባዋ ወረደ።

ቅዳሜ ተስፋሚካኤል በባጃጅ መጣ። አፍሮ ነው መሰለኝ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። የሃሌሉያን ሹሩባ ጨረስኩላትና ፊቷ ቁጢጥ አልኩ።

«ሃሌ፣ ስሚኝ። አልሄድም በይ። እምቢ በይ። ጩኺ፣ ንከሺው ካስፈለገ። ሰማሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ።

«እሺ» አለችኝና ሄዳ ባጃጁ ውስጥ ገባች።