ቀይ ያልነካው ወረቀት

የስምንተኛ ክፍል የድርሰት አስተማሪዬን፣ ወይዘሮ ሃሎራንን፣ ከልቤ ነበር የምወዳት። ቦርሳዋን የምሸከም እኔ፣ ሰሌዳዋን የማጠፋ እኔ። ድርሰቴ ላይ ሁሌ የወርቅ ኮከብ ትለጥፍልኛለች፤ ከሥሩ «ጎበዝ!» ብላ ትጽፋለች፤ በቃ። አጠገቤ የምትቀመጠው የፔይጅ ወረቀት ግን ከላይ እስከ ታች በቀይ ተዥጎርጉሮ ነው የሚመለሰው። ምሳ ሰዓት እንኳ እያስቀረች ታስደግማታለች።

«ምነው ፔይጅ፣ ካቻፕ ደፋሽበት እንዴ?» እያልኩ እስቅባት ነበር። እኔ ሞኟ!

በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ የጎበዞቹ ክፍል የሚገባው የድርሰት አስተማሪዋ የፈረመችለት ብቻ ነው። ኮሌጅ የሚያስገባኝ ያ ክፍል ነበር። አንድም ቀን ስላልተጠራጠርኩ ለእማዬ «ገብቻለሁ» አልኳት። እማዬ ደግሞ ለፓስተሩ ነገረች፤ እሱ ደግሞ ልጅ ጎበዘ ሲባል ዝም አይልም። እሁድ ከመቀመጫዬ አስነሳኝ፣ ምዕመኑ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበልኝ።

ማክሰኞ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ፔይጅ አለች። እኔ የለሁም። ከኛ ከጥቁሮቹ ልጆች አንድም የለም።

«ቲቸር፣ ስሜን ረስተውት ነው?»

«አልረሳሁም፣ የኔ ቆንጆ። ይከብድሻል ብዬ ነው። አንቺ እኮ ሳቂታ ልጅ ነሽ፣ ለምን ትጨነቂያለሽ?»

«ሁሌ ኮከብ ይሰጡኝ የለ?»

«እሱማ ለጥረትሽ ነው።»

ከፔይጅ ወረቀቶቿን ተውሼ ቤት ወሰድኩ። እማዬ ከኔዎቹ ጋር ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። መስከረም ላይ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ስህተት ሠርተናል። የፔይጅ በቀይ ተከቧል፤ ጥቅምት ላይ ስህተቱ ጠፍቷል። የኔ እስከ ግንቦት አብሮኝ አለ።

«ነጯን ታስተምራለች፣ አንቺን ታባብላለች» አለች እማዬ። «ካንቺ ምንም አትጠብቅም፣ ጃኔል።»

«ምናልባት ሳታየው ቀርታ ይሆናል።»

«ዘጠኝ ወር ሙሉ?»

ያን ጊዜም ቲቸርን እወዳት ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የመጨረሻውን ድርሰት እንደ ወትሮዬ አሳምሬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ግን እንዲህ ብዬ አስገባሁ፦ «ቲቸር፣ እዚህ ድረስ ካነበቡ ይህን መስመር በቀይ ያስምሩበት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አርብ ዕለት ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ ወረቀቴን መለሰችልኝ። እየተጣደፍኩ ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። አንድም ቀይ የለም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ኮከብ ተለጥፏል፣ ከወትሮው ተለቅ ያለ።