በረዶ ነው ያልኳቸው

አቃቂ ውስጥ ስልክ ያስገባ ሰው የሰፈሩ ሁሉ ተላላኪ ይሆናል። በዘጠና አራት ዓ.ም. በመንደራችን ስልክ ያለው እኔ ቤት ብቻ ስለነበር፣ ደርዊሽ ሾፌሩ መባሌ ቀርቶ ደርዊሽ ስልኩ ተባልኩ። ያናድደኝ ነበር። የጎረቤቴ የእትዬ መሰለች ልጅ ብሩህ ሲደውል ግን እየሮጥኩ ነው የምጠራቸው።

ብሩህ ቱሪስት በሚያንሸራሽር ትልቅ መርከብ ላይ አንሶላ ያጥባል። መርከቡ አላስካ ድረስ እየሄደ፣ ተራራ የሚያክል በረዶ እየተናደ ባሕር ውስጥ ሲገባ ለሀብታሞች ያሳያል። ብሩህ የሚሠራው ከታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል ስለሆነ ድምፁን ብቻ ነው የሚሰማው።

«በረዶ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ?» ይሉታል እትዬ መሰለች፣ ስልኩ ላይ እየጮኹ። «እዚህ መጥተው ቆርቆሯችንን ሲደበድበው አያዩም? አንተስ አየኸው?»

«እረፍት ሲሰጡኝ ወጥቼ አያለሁ፣ እማዬ።»

ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ሆነ፤ «አየው?»

ሰኔ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ተደወለ። ብሩህ አይደለም፤ አብሮት የሚሠራ የአገራችን ልጅ ነው። ብሩህ በእረፍቱ በረዶውን ሊያይ ወደ ላይ ወጥቶ፣ እርጥብ ወለል አንሸራቶት ባሕር ገብቷል። ሁለት ቀን ፈልገው አጡት።

ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል እትዬ መሰለች ደጃፌ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ ነው? ምን አለ?»

እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው አፍ፣ በር ላይ አይነገርም። ዘመድ ተጠርቶ፣ የእድር ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። አፌ ግን ቀደመኝ። «መ...» አልኩ። መርዶ ልል ነበር። ከንፈሬን ገጠምኩና፣ «በረዶ! ስለ በረዶው ነው» አልኳቸው።

«አየው?»

«አየው።»

ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ለእድሩ ነገርኩ፤ ወንድማቸው ከድሬዳዋ እስኪደርሱ ሦስት ቀን ጠበቅን። ሦስቱንም ቀን እትዬ መሰለች ገበያም፣ ወፍጮ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ላገኙት ሁሉ፣ «ልጄ በረዶውን አየው» እያሉ ሲያወሩ ዋሉ። እኔ መንገድ እየቀየርኩ ሸሸኋቸው።

በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ የእድሩን ዳኛ አቶ ወልደየሱስን አስቀድመን ገባን። እትዬ መሰለች ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። አቶ ወልደየሱስ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እትዬ መሰለች በእጃቸው አስቆሟቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

«‹መ› ብለህ ነበር የጀመርከው፣ ደርዊሽ።»

መሬት መሬቱን አየሁ።

«ሦስት ቀን ልጅ ይኑረኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ። አሁን እውነቱን ንገረኝ፤ ከመሞቱ በፊት አየው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የሰፈሩ ስልክ ተብዬው፣ ደዋዩን ያንን አልጠየቅኩትም ነበር።