የሰው ጭንቀት

ፀዲ ከአሰላ ተነሥታ ሳጉሬ እስክትገባ በልቧ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር፣ የወይዘሮ ሸዋዬን የእህል መደብር ደፍ ስትረግጥ ጥሏት ሄደ።

የወይዘሮዋ ልጅ ሰናይት አሰላ ኮሌጅ ስትማር የፀዲ የመኝታ ክፍል ተጋሪ ነበረች። ፈተና በደረሰ ቁጥር ትንፋሿ እንደሚቆራረጥ፣ ጣቶቿ እንደሚደነዝዙ፣ ሞት በራፏ ላይ የቆመ እንደሚመስላት ለፀዲ ያወጋቻት በምስጢር ነው። ፀዲ ይህንኑ ቃል በቃል ወስዳ፣ «አንዛይቲ፣ የጭንቀት ሕመም አለብኝ፤ ከእንግዲህ አልደብቅም» ስትል እያለቀሰች በቲክቶክ ለቀቀችው። አርባ ሺህ ሰው አየው። «ጀግና ነሽ» ተባለች፤ ውዳሴውም ጣማት።

ሰናይት ለበዓል ቤቷ ሄዳ፣ ሕመሟን ገልጣ «ሐኪም ቤት ውሰጂኝ» ብትል እናቷ ሳቁባት። የጎረቤት ልጆች ቪዲዮውን ቀድመው አሳይተዋቸው ኖሯል። «ይኸማ የጓደኛሽ በሽታ ነው፤ በስልክም ይጋባል እንዴ?» አሏት። ሰናይት ወደ ትምህርቷ አልተመለሰችም። ፀዲ ቪዲዮውን ብታጠፋውም ሌሎች ቀድተው ይቀባበሉታል።

አሁን ሰናይት ከጆንያዎቹ አጠገብ ተቀምጣ ቀና እንኳ አላለችም።

«እትዬ ሸዋዬ፣ ያ ያዩት ሕመም የእኔ አይደለም። የሰናይት ነው፤ ሰርቄባት ነው» አለች ፀዲ እያለቀሰች።

«በሽታም ይሰረቃል?» ወይዘሮዋ ስንዴ መስፈራቸውን አቆሙ። «እኛ የምናውቀው ባል ሲሰረቅ ነው።»

«አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። ሰው እንዲያዝንልኝ ወድጄ ነው።»

«ያን ለት እያለቀስሽ ዋሸሽ፤ ዛሬም ታለቅሻለሽ። የትኛውን እንባሽን ልመን?»

ሐሰቷ የራሷን ስም ብቻ ሳይሆን የእውነተኛዋን ሕመምተኛ አንደበት ጭምር እንዳረከሰ ያኔ ለፀዲ ጠልቆ ተሰማት።

ወይዘሮ ሸዋዬ መስፈሪያውን አስቀምጠው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሰው ለመመስገን ሲዋሽ አይቻለሁ፤ ለመዋረድ የሚዋሽ ግን አላጋጠመኝም» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ተነሽ፣ ሰናይቴ፤ አሁኑኑ አሰላ ሐኪም ቤት እንሂድ። ሳቄን ይቅር በይኝ።»

ፀዲ እስከ መናኸሪያው ከኋላ ከኋላ ተከተለቻቸው። የአሰላው ሚኒባስ ሊሞላ ሦስት ሰው ቀርቶታል። ሰናይት እናቷን አስቀድማ ገባችና፣ ልትሳፈር አንድ እግሯን ያነሣችውን ፀዲን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺ በሚቀጥለው ነይ።»

ፀዲ እግሯን መለሰች። በእሷ ቦታ ሁለት ዶሮ ያንጠለጠሉ አንድ አዛውንት ገቡ።