ሐሙስ ሐሙስ የሚበላሽ ሪሞት

እስቲ ታዘቡኝ፤ ሰው ሁሉ ሪሞቱ እንዳይበላሽበት ላስቲክ ያለብሰዋል፣ እኔ ሠርኬ ግን እንዲበላሽልኝ ስታገል ነው የከረምኩት። ሐሙስ ሲመሽ ጀርባውን ከፍቼ ሁለቱን የባትሪ ድንጋይ አወጣለሁ፣ መሳቢያ ውስጥ አሳድራቸዋለሁ፣ ጠዋት መልሼ እከታቸዋለሁ። በቃ፣ የያዘውን ሁሉ ይረሳል! ከዚያ ስልኬን አነሳና፣ «ሽኩር ልጄ፣ ይሄ ነገር ትናንት ማታም እምቢ አለኝ» እላለሁ። እሱም፣ «እሺ እትዬ ሠርኬ፣ ከጁምዓ ስወጣ ብቅ እላለሁ» ይለኛል። ቤቴ ሰው የሚገባው በዚህ ብልሃት ነበር፣ ምን ላድርግ!

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ልጄ ቢኒ ነው። ሀዋሳ ሥራ ሲያገኝ፣ «እማ፣ ብቻሽን እንዳትሆኚ» ብሎ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ገዛልኝ። ሪሲቨር ጨመረ፣ ድምፅ ማጉያ ጨመረ፣ ለሦስቱም ሦስት ሪሞት ደርድሮልኝ ሄደ። ቴሌቪዥን ሰው መሰለው፣ ጉድ እኮ ነው! እሁድ እሁድ ይደውላል። «ሰላም ነሽ እማ?» «ሰላም ነኝ።» «ቲቪው ይሠራል?» «ይሠራል።» አለቀ። አባቱ፣ ባለቤቴ አገኘሁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት እያለ ወሬ አያበዛም ነበር። ግን ቢያንስ ያስነጥሳል፣ ያኮርፋል፣ ጨው በዛ ይላል። ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ ይውላል እንጂ አንድ ቀን እንኳ «ሠርኬ፣ በላሽ ወይ?» ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ቀን የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከእጄ አምልጦ ጎመን የማጥብበት ሳፋ ውስጥ ገባና ሞተ። ከቤቴ ከተክለ ሃይማኖት መርካቶ ቅርብ ነው፣ በእግሬ ሄድኩ። ሽኩርን ያገኘሁት ያን ቀን ነው፤ ከቁመቱ በማይበልጥ ሱቅ ውስጥ፣ ሪሞት እንደ ቋንጣ ከራሱ በላይ ሰቅሎ።

«እትዬ፣ ሦስት ሪሞት ምን ያደርግልዎታል? ይሄ ዩኒቨርሳል ነው፣ ሁሉንም ያዛል» አለኝ።

አትክልት ተራ ሽንኩርት ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ፣ በቀላሉ አልሸወድም። «ቤት ወስጄው እምቢ ቢለኝስ?» ብዬ አፋጠጥኩት።

«ከቲቪው ጋር የሚያግባባው ኮድ የሚፈለገው ዕቃው ፊት ነው። ዓርብ ሱቅ ስዘጋ መጥቼ አስገባልዎታለሁ» አለ። የሻጭ ወሬ ነው ብዬ ነበር። መጣ!

ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ሪሞቱን ቴሌቪዥኑ ላይ አነጣጥሮ አንዷን ቁልፍ ተጭኖ ያዘ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለች ኮዱን ትፈልጋለች፤ ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል ጣቱን ቶሎ ያነሳል፣ አገኘችው ማለት ነው። ካመለጠችው እንደገና ከመጀመሪያው። ለሪሲቨሩም እንዲሁ፣ ለድምፅ ማጉያውም እንዲሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ተመስገን ነው! እየጠበቀ ያወራል፤ ወራቤ ስላሉት እናቱ፣ ስለ ሱቅ ጎረቤቶቹ፣ ዋጋ ሲያስቀንሱት ውለው ሳይገዙ ስለሚሄዱት ደንበኞች። ሊወጣ ሲል፣ «ድንጋዩን እንዳያወጡት እትዬ፣ ይሄ ርካሹ ነው፣ ድንጋይ ሲወጣበት የያዘውን ይረሳል» አለኝ። እሱ ለጥንቃቄ ነው የነገረኝ፤ እኔ ግን ጆሮዬን ቀሰርኩ።

ለቀጣዩ ዓርብ አዲስ ድስት ገዛሁ። የእኔ ድስቶች ሁሉ የክርስቲያን ሥጋ የተሠራባቸው ናቸው፣ ልጁ ሽሮዬን እየተጠራጠረ እንዲበላ አልፈለግሁም። «ይሄ ድስት ሥጋ የሚባል አያውቅም፣ ያንተ ብቻ ነው» ስለው አንገቱን ደፍቶ፣ «አላህ ይስጥልኝ» አለኝ። ዓርብ ለእኔ ጾም ስለሆነ ሽሮው ለሁለታችንም ተስማማ፣ ከአንድ ትሪ በላን። ፊት ለፊቴ ሰው ተቀምጦ ሲያላምጥ ካየሁ ስንት ዘመኔ! በርበሬው ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ቆየን። አንድ ዓርብ ጠዋት ጎረቤቴ ውቤ ቆጣሪ ሊያይ ገባና ሪሞቱን ብድግ አደረገው። «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ በቆመበት አስተካከለው።

«ማን ንካ አለህ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ኧረ እትዬ ሠርኬ፣ ሠራሁልዎት እኮ!»

«አትሥራልኝ!»

አበደች ብሎ ወጣ። ይበል! ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ድንጋዮቹን አውጥቻቸዋለሁ።

ያለፈው ዓርብ ግን ሽኩር ሳልደውልለት መጣ። ሳልደውልለት! እሰይ፣ ዛሬስ ሪሞቱን ሳይሆን እኔን ብሎ መጣ አልኩና የማደርገው ጠፋኝ። ገና ከመቀመጡ ከፌስታል ውስጥ አዲስ ሪሞት አወጣ።

«ይሄኛው ድንጋዩ ወር ሙሉ ቢወጣም አይረሳም። ከእንግዲህ አይቸገሩም፣ እትዬ።»

ቁጣዬ ቀደመኝ። «ተቸገርኩ ብዬሃለሁ? መመላለሱ ሰለቸኝ አትልም? በአፍህ መናገር አቅቶህ ነው ዕቃ ይዘህ የመጣኸው?»

«እትዬ...»

«ዝም በል!»

ቀስ ብሎ፣ «አውቅ ነበር እኮ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሐሙስን ጠብቆ የሚበላሽ ሪሞት የት አገር አለ? ገና ከሁለተኛው ዓርብ ጀምሮ አውቄያለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። «አውቀህ ነው የምትመጣው?» አልኩት ከውስጥ ሆኜ።

«አውቄ ነው።»

ከዚያ ነገረኝ። ከእናቱ ጋር የምትኖረው እህቱ ሰሀር ባል አግብታ ሄዳለች። ሱቁን ለአጎቱ ልጅ ትቶ ሰኞ ወራቤ ሊገባ ነው። «እናቴ ብቻዋን ቀረች» አለ።

ሌላ ምክንያት ቢሰጠኝ ኖሮ አፈር ስሆን ብዬ እለምነው ነበር፣ እግሩንም ቢሆን እይዝ ነበር። ብቻዋን ሲለኝ ግን ምን እላለሁ? ቀኑ እንዴት እንደማይመሽ፣ ምግብ እንዴት እንደማይወርድ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አይቻት የማላውቅ የወራቤ ሴት ቀናሁባት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ሂድ» አልኩት። «እናት ብቻዋን አትተውም።» ይህን ስል ቢኒ ትዝ አለኝ።

ሽኩር ወንበሩን ወደኔ አስጠግቶ አዲሱን ሪሞት እጄ ላይ አስቀመጠው። «ምናልባት ቢያስቸግርዎት ራስዎ ያስተካክሉታል። ቲቪው ላይ ያነጣጥሩ፣ ይችን ቁልፍ ይጫኑና ይያዙ።»

ያዝኩ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል ጣቴን አነሳሁ፤ በአንድ ጊዜ ያዘልኝ። ሕፃን የሚሠራው ነገር ነው።

«ገባዎት?» አለኝ።

«አልገባኝም» አልኩት። «እንደገና አሳየኝ።»

ትንሽ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ያስገባሁትን ኮድ አጠፋና ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።